ሳሙና፣ ቅባት ወይስ ክሬም? ከጓዳ ወደ ገበያ ለመውጣት የትኛው ይቅደም

እኛ የጀመርነው በአሥራ አንድ ብልቃጥ የእሬት ክሬም ነው። እሬቱ ከግቢያችን ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ ከዘይትና ከሰም ጋር ተመትቶ የተሠራ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽታው ደስ የሚል። ሁለት ቀን ሳይሞላው ጎረቤትና ዘመድ ተሻምቶ ጨረሰው። እኔና እህቴ ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ የምንከፍትበትን ቦታ ሁሉ መምረጥ ጀምረን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት የአቶቴ ሰፈር ደንበኛችን ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ክዳኑን ከፍታ አሳየችኝ። አረንጓዴ ሻጋታ፣ ያውም ጠጉራም። «የኔ እህት፣ እኔ የገዛሁት የፊት ክሬም ነው። ፀጉር የሚያበቅለውን ተሳስታችሁ ሰጥታችሁኛል» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አሥራ አንዱንም ለቅመን ገንዘብ መለስን። ልፋታችንን ውሃ በላው። አባባሉ ለኛ ቃል በቃል ደርሶብናል፤ ክሬሙን ያበላሸው ውስጡ የነበረው ውሃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። «በቤቴ የምሠራውን ቅባት ሰው ሁሉ ወደደልኝ፣ ልሽጠው?» ይላሉ። መሸጥ ይቻላል። ግን ለራስ መሥራትና ለሰው መሸጥ አንድ አይደለም። ለራሳችሁ የሠራችሁትን በሳምንት ትጨርሱታላችሁ። የሸጣችሁት ግን የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሦስት ወር ይቀመጣል፣ እርጥብ ጣት ይገባበታል፣ ፀሐይ ያገኘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርታችሁን ስትመርጡ «የቱ ይወደዳል?» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ሳይበላሽ ይቆያል?» በሉ።

መጀመሪያ ውሃውን ጠይቁ

ባክቴሪያና ሻጋታ ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃ ከሌለበት ንጹሕ ዘይት ወይም ሰም ውስጥ አይባዙም። የእሬት ዝልግልግ ደግሞ ከመቶው 98 እጁ ውሃ ነው። የጽጌረዳ ውሃ፣ የሩዝ ውሃ፣ ወተት፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ የዱባ ጭማቂ ሁሉም ያው ናቸው። ለፊት ጥሩ ነው ብላችሁ ዛሬ ሠርታችሁ ዛሬ ከተቀባችሁት ችግር የለውም። ብልቃጥ ውስጥ ከገባ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል።

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም ብለን ነበር። ቫይታሚን ኢ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ማለትም ያንን የቆየ ለውዝ የሚመስል ሽታ እንዳያመጣ ያዘገያል። ሻጋታንና ባክቴሪያን አይገድልም። ማርም እንደዚሁ ያታልላል። ማር ለብቻው ዓመታት ይቀመጣል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ነው። ውሃ ያለበት ክሬም ውስጥ ሲገባ ግን ለተህዋስያኑ ድግስ ይሆናል። ጠጅ የሚጥል ሰው ይህንን ከኔ በላይ ያውቀዋል፤ ማሩ የሚፈላው ውሃ ካገኘ በኋላ ነው።

በዚህ ሚዛን ስናየው ሳሙና፣ የሰም ቅባትና የፀጉር ዘይት በአንድ ወገን ይቆማሉ። ክሬምና ሎሽን በሌላ ወገን። ስክራብ፣ ያ ገላ መፈተጊያው፣ መሐል ላይ ነው።

ሳሙና፦ ትዕግሥትና ሚዛን ላለው ቤት

የሳሙና ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያልቃል። ሰው የከንፈር ቅባት ለስድስት ወር ሊያቆየው ይችላል፤ ሳሙና ግን በወሩ ተመልሶ ይገዛል። አሠራሩ ከተሳካ ማቆያ ኬሚካል አይፈልግም። ቢሰበር፣ ቢጋጭ፣ ፀሐይ ቢያየው አይፈስም።

ጣጣው ኮስቲክ ሶዳው ነው። ያለ ኮስቲክ ሶዳ ጠጣር ሳሙና የለም። «ምንም ኬሚካል የለበትም» ብሎ ሳሙና የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አሠራሩን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው። በትክክል ከተለካ ሶዳው ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ያልቃል፤ የሚቀረው ሳሙናና ግሊሰሪን ነው። በትክክል ካልተለካ ቆዳ ያቃጥላል። ለዚህ ነው «ሁለት ብርጭቆ ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ ሶዳ» የሚል አሠራር ስሰማ የምሸሸው። ብርጭቆ አይለካም። የሚለካው ግራም ነው። እያንዳንዱ ዘይት ደግሞ የራሱ ልክ አለው።

አንድ ኪሎ ዘይት ይዘን እንየው። የሚረጋው የፓልም ዘይት 500 ግራም፣ የኮኮናት 250፣ የአቮካዶ 150፣ የጉሎ 100። አንድ ግራም ፓልም 0.142 ግራም ሶዳ ይፈልጋል፣ ኮኮናት 0.183፣ አቮካዶ 0.133፣ ጉሎ 0.128። ሲባዛና ሲደመር 149.5 ግራም ሶዳ ይመጣል። ከዚህ ላይ 5 በመቶ ይቀነሳል፤ ትንሽ ዘይት ሳይቀየር ቀርቶ ቆዳ እንዳይደርቅ ነው። 142 ግራም ላይ እንቆማለን። ዘይቱን ከቀየራችሁ፣ ፓልሙን በሱፍ ዘይት እንኳ ብትተኩት፣ ስሌቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራል። አንድ ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ከሌላችሁ ሳሙናውን ተዉት፤ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ።

ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃው ወደ ሶዳው ፈጽሞ አይጨመርም። ሲቀላቀል ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ጭስም አለው። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። የአሉሚኒየም ድስት፣ ያ የቤታችን ብረት ድስት ማለቴ ነው፣ አይሆንም። ሶዳው ይበላዋል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝም ይወጣዋል። ማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። ደግሞ ቤት ውስጥ የሚድሁ ልጆች ካሉ፣ እውነቴን ነው፣ እነሱ እስኪያድጉ ሌላ ምርት ሥሩ።

ሌላው ወጪ ጊዜ ነው። ተቆርጦ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መድረቅ አለበት። ገንዘባችሁ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ያያችኋል። ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሐዋሳ በእንግዳ ስትሞላ መሸጥ ከፈለጋችሁ፣ ኅዳር 7 ሳሙናው መፍሰስ አለበት። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የነቃነው። ፍቼ ጫምባላላ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ቀን አያንቶዎች የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ስለሚወስኑ፣ በካላንደር አስልቶ ማድረስ አይቻልም። አስቀድሞ ሠርቶ ማቆየት ብቻ ነው ያለው።

ስለ ሞራ አንድ ነገር ልበል። የበሬ ሞራ ርካሽ ነው፣ ከሉካንዳ ቤት ይገኛል፣ ጠንካራና ጥሩ ሳሙና ይወጣዋል። እኛም ሞክረነዋል። የመጀመሪያዋ ገዢ ሙስሊም ነበረች፤ «የማን እርድ ነው?» አለችኝ። ሁለተኛዋ በጾም መጣች፤ «ሞራ አለው እንዴ?» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ሳሙና አይበላም ብሎ መከራከር ይቻላል። ተከራክሮ የሸጠ ሰው ግን አላየሁም። ከዕፅዋት ዘይት ብቻ መሥራት ወጪው ይከብዳል፤ ግን በዚህ ከተማ ለሁሉም ደጅ ይገባል። በእኔ ሚዛን ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል።

የሰም ቅባት፦ ሙቀትን ካሸነፈ

ለጀማሪ ቤተሰብ ከሁሉ የቀለለው ይኼ ነው። ሰም ይቀልጣል፣ ዘይት ይጨመራል፣ ብልቃጥ ውስጥ ይፈሳል፣ ሲረጋ አለቀ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ የከንፈር ቅባት ይወጣል። ሶዳ የለም፣ ስድስት ሳምንት የለም። ቢሳሳት መልሶ ይቀለጣል።

ሰሙ ደግሞ እዚሁ ነው ያለው። ጠጅ ከሚጥሉ ቤቶች ሰፈፍ ይገዛል። በውሃ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ከሥር የሚጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ፍቆ ደግሞ ማፍላት ነው። እኛ ሦስት ጊዜ እናደርገዋለን። በመጨረሻም ውስጡ የተደበቀ ውሃ እንዳይኖር እንደገና አቅልጠን እናደርቀዋለን። የነጠረ ሰም ከገበያ መግዛትም ይቻላል፤ ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች ከማን እንደሚገዙ ጠይቁ። ፓራፊን የተቀላቀለበት አለና ሽታውን አትለፉት። ንጹሕ የንብ ሰም ማር ማር ይላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ 1 እጅ ሰም ለ4 እጅ ዘይት ጥሩ መነሻ ነው። ክርክሩ የሚመጣው ከሙቀት ጋር ነው። ሰም ራሱ የሚቀልጠው ከ62 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይለሰልሳል። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። አዲስ ቅባት ስንሠራ አንዱን ብልቃጥ ለሱ እንሰጠዋለን፤ መሪው ሥር ያለችው ኪስ ውስጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ማታ ሲመጣ ከፍተን እናያለን። ቅርጹን ከያዘ አለፈ። ፈስሶ ክዳኑን ካረሰው ሰም ይጨመራል። በዚህ የባጃጅ ፈተና ነው 1 ለ4 የነበረው የከንፈር ቅባታችን 1 ለ3 የሆነው። ወደ አዳማ ወይም ወደ ድሬዳዋ የምትልኩ ከሆነ ከዚህም ጠንከር አድርጉት።

ለዘይቱ እኛ ሲዳማ ላይ ዕድለኞች ነን፤ የአቮካዶ አገር ነው። ይርጋለም ባለው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አቮካዶ ይጨመቃል። ፍሬውን ፈጭቶ ክሬም ውስጥ መክተትና ዘይቱን መጠቀም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፤ ፍሬው ውሃ አለው፣ ዘይቱ የለውም። ያልተጣራው አረንጓዴ ዘይት ለዓይን ደስ ይላል። ግን ብርሃን አይወድም። በጠቆረ ጠርሙስ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ።

የፀጉር ዘይት፦ የእናት ዓይን በግራም ሲለወጥ

የእናታችን የጉሎ ዘይት በሰፈር የታወቀ ነው። ችግሩ እማዬ ልክ የላትም። «ስንት ትጨምሪያለሽ?» ስላት «እስኪበቃው» ትለኛለች። «ሲበቃው በምን ታውቂያለሽ?» ስላት «አንቺ ልጅ፣ ዓይን ለምን ተፈጠረ?»

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እማዬን አላስቸገርናትም። ድስቱን ሚዛን ላይ አስቀምጠን እሷ እንደ ልማዷ ሠራች። አንድ ነገር በጨመረች ቁጥር እህቴ ቁጥሩን ጻፈች። ሦስት ዙር እንዲህ ተሠራ። የሦስቱ ዙር አማካይ አሁን የቤቱ አሠራር ነው። እማዬ ወረቀቱን አይታ «ይሄን ያህል ጥቁር አዝሙድ አላደርግም» አለች። ታደርጋለች።

የፀጉር ዘይት ውሃ የለውም፣ መሣሪያው ጥቂት ነው፣ ገበያው ደግሞ ዝግጁ ነው፤ ሹሩባ የሚሠሩ ሳሎኖች ናቸው። አንድ ሕግ ብቻ ጠብቁ፤ ዘይቱ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ሁሉ ደረቅ ይሁን። የጥብስ ቅጠል ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ጥላ ላይ ይድረቅ። እርጥብ ቅጠል ዘይት ውስጥ ከገባ ውሃውን ይዞ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ የክሬሙ ታሪክ ይደገማል። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም እንዲሁ፤ ሽታቸውንማ ተዉት።

ጉሎ ለብቻው ወፍራም ነው፣ ፀጉር ላይ ይጣበቃል። ከቀለል ያለ ዘይት ጋር አቀላቅሉት። «ፀጉር ያበቅላል» የሚለውን ጽሑፍ ግን ስቲከሩ ላይ አትጻፉ። ያለሰልሳል፣ ያወዛል፣ መሰባበርን ይቀንሳል ማለት ይበቃል። መላጣውን ያበቀለ ዘይት ቢኖረን አጎታችን ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር።

ስክራብና ክሬም

ስክራብ፣ ማለትም ስኳር ወይም የቡና ዱቄት ከዘይት ጋር፣ ሲሠራ ውሃ የለውም። ችግሩ የሚመጣው ገላ ሲታጠቡበት ነው፤ እርጥብ እጅ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ለአንድና ለሁለት ጊዜ በሚበቃ ትንሽ መያዣ ብቻ ሽጡት። የቡና አተላ የምትጠቀሙ ከሆነ በደንብ ደርቆ ይሁን። ሐይቅ ዳር ላሉ ሪዞርቶችና ማሳጅ ቤቶች ጥሩ ነው፤ እነሱ ከፍተው በቀኑ ይጨርሱታል። ሌላ የምለው የለኝም።

ክሬም መሥራት ሙያ ነው። ዘይትና ውሃ የሚያዋሕድ ነገር ይፈልጋል፣ ትክክለኛ ማቆያ ይፈልጋል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የተህዋስያን ምርመራ ይፈልጋል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ማቆያ የለበትም» የሚለው ቃል ለሎሽን ሲነገር ያስፈራኛል። ሻጋታ በዓይን ይታያል፤ ባክቴሪያ አይታይም። ያ ክሬም ቁስል ያለበት ቆዳ ላይ ወይም ዓይን አካባቢ ቢቀባስ?

የማንሠራቸው

ሎሚ። ሰው ሁሉ ሎሚ ፊት ያጠራል ይላል። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል፣ ጥቁር ምልክትም ሊተው ይችላል። በሐዋሳ ፀሐይ! ቤኪንግ ሶዳም አንሠራበትም። ጤነኛ ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ነው፣ በአሲድ መለኪያው በፒኤች 5 አካባቢ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል። ቤኪንግ ሶዳ ከ8 በላይ ነው።

የቆዳ ማቅያም አንሠራም። በሳምንት አንድ ሰው አይቀርም «የሚያቀላስ የላችሁም?» የሚል። ገበያ አለው፣ አልዋሽም። ቶሎ የሚያቀሉት ብዙዎቹ ክሬሞች ግን ሃይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ የሚገኝባቸው ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። እኛ «የለንም» ብለን ያለንን እናሳያለን። አንዳንዷ ትገዛለች፣ አንዳንዷ ትሄዳለች።

ከኩሽና፣ ከሰርቪስ ወይስ ከኪራይ ቤት?

ዘይት ሽታ ይስባል። አንድ ቅዳሜ እማዬ ለዶሮ ሽንኩርት ስታቁላላ እኛ ጎን ለጎን ቅባት እናፈስ ነበር። ያ ዙር በሙሉ ቁሌት ቁሌት አለ። ለራሳችን ተረፈን፤ ወር ሙሉ ከንፈራችን ዶሮ ወጥ ሸተተ። ስለዚህ ኩሽና ለናሙና እንጂ ለሽያጭ አይሆንም።

ግቢያችሁ ውስጥ ሰርቪስ ካለ ከሁሉ እሱ ይሻላል። ግድግዳው በዘይት ቀለም ይቀባ፣ ወለሉ የሚታጠብ ይሁን፣ በሩ ይቆለፍ። ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ፎጣው ወደ ወጥ ቤት የማይመለስ የራሱ ይሁን። የኪራይ ቤት የሚያስፈልገው ትእዛዝ ከአቅም በላይ ሲሆን ነው፤ ሦስት ወር በተከታታይ ሸጣችሁ ካልጨረሳችሁ ኪራይ ውስጥ አትግቡ። የመነሻ ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለቅባትና ለፀጉር ዘይት አንድ የእቁብ ዕጣ ይበቃል። ብድር እንኳ ብትፈልጉ ሳሙናን በብድር አትጀምሩ። ወለዱ ስድስት ሳምንት አይጠብቅም።

በእጅ፣ በሳሎን ወይስ በሱቅ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከስራል፤ የሚከስረው ደግሞ እየሸጠ ነው። ለማሳያ አንድ የከንፈር ቅባት እንውሰድ። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ዋጋ ተኩ። ዘይትና ሰም 30 ብር፣ ብልቃጥ 45፣ ስቲከር 8፣ ጉልበት 25፣ መጓጓዣ 10። ድምሩ 118። የሚሰበር፣ የሚፈስ፣ ለናሙና የሚሄድ አለና 130 በሉት። ብልቃጡ ከውስጡ ካለው ቅባት እንደሚበልጥ ልብ በሉ። ሁሌም እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው መርካቶ ወርዶ በብዛት መግዛት የሚያዋጣው፤ ሰፈር ውስጥ በነጠላ መግዛት ትርፉን ይበላል።

ሱቁ 25 በመቶ ይፈልጋል እንበል። ብዙ ሰው 130 ላይ 25 በመቶ ጨምሮ 162 ብር ከ50 ይላል። ስህተት ነው። ሱቁ 25 በመቶውን የሚቆርጠው ከመሸጫው ላይ ነው፤ ከ162.50 ላይ 40 ብር ከምናምን ይወስዳል፣ ለናንተ 122 ብር ገደማ ይቀራል። ስምንት ብር ከኪሳችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። መደመር ሳይሆን ማካፈል ነው። 30 ብር ትርፍ ከፈለጋችሁ 160ን ለ0.75 አካፍሉ፤ 213 ብር ይመጣል። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ አለ። ያንኑ ቅባት በቴሌግራም በ160 ከለቀቃችሁት ባለሱቁ ሲሰማ ያኮርፋል፤ እውነቱንም ነው። ወይ ዋጋውን አንድ አድርጉ፣ ወይ ለሱቅ የተለየ መጠን ሥሩ።

«ሲሸጥ ይከፈላል» የሚለውን ስምምነት አንድ ጊዜ ሞክረናል። አንድ ሚኒማርኬት ሃያ አራት ሳሙናና አሥራ ሁለት ቅባት ወሰደ። ቅባቱን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደረደረው። በአራተኛው ወር ሄጄ ስጠይቅ ሳሙናው አልቋል፣ ቅባቱ ፈስሷል፣ ገንዘቡ «ነገ» ነው። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ያለ ፊርማ ማስረከባችን የኛ ጥፋት ነው። አሁን ለሱቅ የምንሰጠው በጥሬ ወይም በቴሌብር ብቻ ነው፤ ስድስት ፍሬም ቢሆን።

ሳሎን ከሱቅ ይሻላል። ባለሙያዋ ዘይቱን እዚያው ስትቀባ ደንበኛዋ ታሸተዋለች፣ ትነካዋለች፣ ትጠይቃለች። ለሳሎን በግማሽ ሊትር እናደርሳለን፤ ጠርሙሱን መልሰን እናጥባለን፣ አድርቀን እንሞላለን። የብልቃጥ ወጪው ወደ ባዶ ቀረበ ማለት ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ልጆች ደግሞ ትንሿን እንሠራለን፤ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ ከደመወዝ በፊትም የምትገዛ።

ወረቀቱ

የንግድ ፈቃድ በአንድ ሰው ስም ማውጣት ፈጣንና ርካሽ ነው። ጉዳቱ ዕዳ ወይም ክስ ቢመጣ የግል ንብረታችሁ ድረስ መምጣቱ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወረቀቱ ይበዛል፣ የሒሳብ አያያዙም ይጠብቃል፤ ግን የማኅበሩ ዕዳ የማኅበሩ ነው፣ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነም ይጻፋል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እኛ በእህቴ ስም ጀምረናል። ወንድምና እህት ሆናችሁ በአንዱ ስም የምትጀምሩ ከሆነ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ በወረቀት ጻፉና ተፈራረሙ። «በኛ መሐል?» ማለት ያለ ነው። ጻፉት። የእናት ጉልበትም ነጻ አይደለም፤ እማዬ በዙር ይከፈላታል፣ እቁቧን የምትጥለውም ከዚያ ነው።

ኮስሞቲክስን በአገር ደረጃ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ቤት ከመከራየታችሁና ስቲከር ከማሳተማችሁ በፊት ምርታችሁን ይዛችሁ የሚጠበቅባችሁን ጠይቁ፤ ከታተመ በኋላ መቀየር ያስቆጫል። «ማድያት ያጠፋል»፣ «ጭርት ያድናል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ የምትሸጡት መድኃኒት ነው፤ ጥያቄውም በዚያው ልክ ይከብዳል። ስቲከሩ ላይ የገባውን ሁሉ፣ ክብደቱን፣ የተሠራበትን ቀንና የዙሩን ቁጥር አስፍሩ። ቅሬታ ሲመጣ የትኛው ዙር እንደሆነ የምታውቁት በዚያች ቁጥር ነው። ስማችሁን ሰው እንዳይወስደው ካሰባችሁ የንግድ ፈቃዱ አይበቃም፤ የንግድ ምልክት የሚመዘገበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ለ7 ዓመት ይሰጣል፣ ይታደሳል።

እንግዲህ የቱ?

ቤታችሁ ውስጥ እንደ እማዬ ያለ ሰው ካለና የምታውቁት ሳሎን ካለ የፀጉር ዘይት ጀምሩ። ገንዘቡ በሳምንቱ ይመለሳል። ማንም ልምድ ከሌለው፣ ጊዜ ግን ካለ፣ የከንፈርና የእጅ ቅባት። ሚዛን የሚወድ፣ ማስታወሻ የሚይዝ፣ የማይቸኩል ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ የሚቆለፍ ክፍልም ካለ፣ ሳሙና። በረጅሙ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ይመስለኛል። የቱንም ብትመርጡ አዲስ ነገር ለደንበኛ ከመስጠታችሁ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛው በኩል ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ሁለት ምርት በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። እኛ አሁን ያለን ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ ሁለት ዘይት፣ አንድ ቅባት። ሳሙናው የሚወጣው ለበዓላት ነው።

ክሬሙን ጨርሶ አልተውነውም። እህቴ ኬሚስትሪ ካጠናች ጓደኛዋ ጋር አዲስ ሠርታለች፣ በማቆያ። ሦስት ብልቃጥ አለ። አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አንዱ መስኮት ላይ፣ አንዱ ባጃጁ ውስጥ። አራተኛ ወሩን ይዟል፤ ላቦራቶሪ ሳይገባ አንሸጠውም። የአቶቴዋ ደንበኛችን ሰምታ «እኔ የመጨረሻ ነው የምሞክረው» ብላለች።